37 ዩሮ እና የእናቴ ጫማ

እናቴ ፍሎረንስ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ጫማ ቤት ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እግሯ ላይ አዲስ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ግራ እግሯ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ አድርጋው የመጣችው ጫማ አለ። ግራውንም ቀየረችና ተነስታ አራት አምስት እርምጃ ሄደች። ፊቷ በራ።

"በቃ ይኼንን አድርጌው ልውጣ፤ አሮጌውን በካርቶኑ ያድርጉልኝ" አለች።

"አይሆንም እማዬ" አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኳት ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እናቴ አዲስ አበባ ትኖራለች፤ እኔ ቨርጂኒያ። ታናሽ እህቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ሮም ከገባች 30 ዓመት አልፏታል። ባለፈው ግንቦት ሦስታችንም ሮም ላይ ለመገናኘት ተቃጠርን። እናቴ ከአገር ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ስለነበር፣ ለጉዞው ብላ መርካቶ ወርዳ አዲስ ጫማ ገዛች። ጫማው ያምራል፤ ግን ይጠባል። በዚያ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው እግሩ ያብጣል። ሮም ስትደርስ ታነክስ ነበር። ስጠይቃት "ምንም አልሆንኩም፤ እስክለምደው ነው" አለችኝ። ኢትዮጵያዊት እናት "ምንም አልሆንኩም" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ቤታችሁ ያለችውን ጠይቁ።

እኔም ከቤቴ ስነሳ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ለእናቴ ጥሩ የጣሊያን ጫማ መግዛት። እናቴ 27 ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ሆና ሠርታለች። እኔና እህቴ በየመስከረሙ አዲስ ጫማ እናደርጋለን። የእሷ ጫማ ግን ሶሉ ይቀየራል እንጂ ጫማው አይቀየርም ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን አላስተውልም፤ ያስተዋልኩት እኔ ራሴ ደመወዝ መብላት ስጀምር ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ከሥራዬ የመጣ ይሁን ከተፈጥሮዬ አላውቅም፣ ደንብና ቅደም ተከተል ያለው ነገር ሁሉ ይስበኛል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሁለት ምሽት ሙሉ ስለ ታክስ ፍሪ ሳነብ አመሸሁ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፤ ምናልባት እናንተም አንድ ቀን ከእናታችሁ ጋር ጣሊያን ትሄዱ ይሆናል።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አየር ማረፊያ ውስጥ ሽቶና ቸኮሌት የሚሸጡት ሱቆች ዲውቲ ፍሪ ይባላሉ፤ እዚያ ታክሱ ከመጀመሪያውም አይከፈልም። እኔ የምነግራችሁ ሌላውን ነው። ከተማ ውስጥ ካለ ተራ ሱቅ ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ ትገዛላችሁ፤ ከአገሩ ስትወጡ ከታክሱ የተወሰነው ይመለስላችኋል።

ጣሊያን ውስጥ ጫማ ላይ 22 በመቶ ቫት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ 15 በመቶ እንደሆነ እናቴ ወዲያው አስታወሰችኝ፤ ገንዘብ ያዥ አይደለች? ይህ ታክስ የሚከፈለው ዕቃው እዚያው አውሮፓ ውስጥ ስለሚያገለግል ነው። ዕቃውን ይዞ ከአውሮፓ ኅብረት ለሚወጣ እንግዳ ግን ይመለስለታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሒሳብ አለ። 22 በመቶ ሲባል ከከፈልኩት ላይ 22 በመቶ የማገኝ ይመስለዋል። አይደለም። ያለ ታክስ 100 ዩሮ የሆነ ጫማ 122 ዩሮ ይሸጣል። ስለዚህ ከከፈላችሁት ውስጥ ታክሱ 18 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚመልሰው ድርጅት የራሱን ክፍያ ይቆርጣል። እኔ በመጨረሻ እጄ የገባው 12 በመቶ አካባቢ ነበር።

ከአንድ ሱቅ የሚገዛው ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋም ተወስኗል። ጣሊያን ውስጥ ድሮ ወደ 155 ዩሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ወደ 70 ዩሮ ወርዷል። ፈረንሳይ ግን ከ100 ዩሮ በላይ ይጠይቃል። ለንደን ደግሞ እርሱት። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ይህን አሠራር አስቀርታለች፤ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ለንደን ውስጥ ገዝቶ በሻንጣው ይዞ ለሚወጣ እንግዳ ታክስ አይመለስም። ዱባይ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ እዚያም ለጎብኚ ይመለሳል፣ ግን ቫቱ ራሱ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ሌላው ነገር፣ የሚታየው የፓስፖርታችሁ ቀለም አይደለም፤ የምትኖሩበት አገር ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ማስተርሴን የሠራሁት ጀርመን ነበር። ተማሪ ሳለሁ ሚላኖ ሄጄ በቅናሽ አንድ ጥሩ ጫማ አገኘሁና የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን በኩራት አውጥቼ "ታክስ ፍሪ" አልኩ። ሻጩ "የት ነው የምትኖረው?" አለኝ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃዴን ሲያይ ፓስፖርቴን በትህትና መለሰልኝ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ፓስፖርቱ የየትም አገር ይሁን፣ አይመለስለትም።

ይህን ለአክስቴ ሳስረዳት ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። "30 ዓመት ሙሉ ስከፍል አንድ ሰው እንኳ ‘እንካ ሰብለ’ ብሎ የመለሰልኝ የለም። እናንተ ለአንድ ሳምንት መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ሰብለ ሆይ፣ ሆስፒታሉንና አውቶቡሱን የምትጠቀሚበት አንቺ ነሽ ልላት አሰብኩና፣ የሮምን አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቅ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ከሮም ተርሚኒ ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አክስቴ ሥራ ስላለባት እኔና እናቴ ብቻችንን ለሁለት ሌሊት ሄድን። ለምን ፍሎረንስ? ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ የቆዳ ሠራተኞች አገር ናት። ባቡር ጣቢያውን ወጥታችሁ ወደ ሳን ሎሬንዞ ገበያ ስትሄዱ የቆዳ ሽታ ይቀበላችኋል። እናቴ ቆም ብላ አየር ሳበችና "ሸራ ተራ የገባሁ መሰለኝ" አለች። ሸራ ተራ መርካቶ ውስጥ ጫማ ሠሪዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው።

መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። እናቴ "ይኼ እኮ የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ለዘመናት ተረግጦ መለስለሱ ነው። የለሰለሰ ድንጋይ ግን ለጠባብ ጫማ አይራራም።

ትልልቆቹ የዲዛይነር ሱቆች ያሉት ቪያ ቶርናቧኒ በሚባለው መንገድና በዙሪያው ነው። መስኮቱን እያየን ሄድን። አንዳንዱ ጫማ ዋጋው የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያህላል። እናቴ የዋጋውን ወረቀት አይታ "ሁለቱም እግር ነው ወይስ ያንዱ ብቻ?" ትላለች። በመጨረሻ አንድ መደብር ገባን። ሻጯ አንድ ሞዴል ስታወጣ እናቴ እግሯን ከማስገባቷ በፊት ጫማውን ገልብጣ ሶሉን አየች። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው ወይስ የተሰፋ? ቆዳውን በአውራ ጣቷ ተጭና መታጠፊያውን አስተዋለች። ሻጯ ፈገግ አለች፤ ባለሙያ ባለሙያን ያውቃል። ሦስተኛው ጥንድ ላይ እናቴ ዝም አለች። ዝቅ ያለ ታኮ፣ ለስላሳ ጥቁር ቆዳ፣ ዋጋው 310 ዩሮ። የነገርኳት ዋጋ ግን ሌላ ነበር።

ሻጯ ለታክስ ፍሪ ቅጹ ፓስፖርት ጠየቀች። በካርዴ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ሳላስብ የእኔን ሰጠኋት። የካርዱ ማሽን በዶላር ልክፈል ወይስ በዩሮ ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚህ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ ዩሮ በሉ፤ ዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስኑላችሁ እነሱ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ያስወድዱታል። ይህን በትክክል ሠራሁ። በራሴ ኮራሁ።

እናቴ አድርጌው ልውጣ ያለችው ያኔ ነው። ሻጯ በትህትና ነገረችን፤ ታክሱ እንዲመለስ ዕቃው እንደ አዲስ መሆን አለበት። አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩክ "አሳዩኝ" ቢል ያልተጫማ ጫማ ከነደረሰኙ መቅረብ አለበት። እኔም ደንቡን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ "አይሆንም እማዬ። እስከ እሑድ ብቻ ታገሺ፤ አየር ማረፊያ ካሳየን በኋላ ታደርጊዋለሽ" አልኳት።

እናቴ ጫማውን አወለቀች። እንደ እንቁላል በወረቀቱ ጠቀለለችው። "እሺ ልጄ" አለች።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

የዚያን ቀን የቀረውን ስናገር አፍራለሁ። ቀጥሎ ለራሴ ቡናማ ጫማ ገዛሁ፤ 420 ዩሮ። ከዚያ ሁለቱንም ካርቶን በትልቅ ከረጢት ይዤ እናቴን ፖንቴ ቬኪዮን፣ ማለትም አሮጌውን ድልድይ፣ አሻገርኳት። አርኖ ወንዝን አሳየኋት። ከዚያም ከተማዋ ከላይ የምትታይበት ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ የሚባል አደባባይ አለ፤ ብዙ ደረጃ ወጥተው የሚደርሱበት። "ጀንበር ስትጠልቅ ሲያምር!" ብዬ ወሰድኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "አንተ ውጣና በስልክህ አንሥተህ አሳየኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ሰው አያለሁ" አለች። ወጣሁ። ፎቶው ጥሩ ነው። ሳየው ግን የሚታየኝ ደረጃው ላይ የቀረችው እናቴ ናት።

ማታ ሆቴል ስንገባ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። "ደህና ነሽ?" ብዬ አንኳኳሁ። "ግባ" አለች። ጣሊያን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከመጸዳጃው አጠገብ ቢዴ የሚባል ዝቅ ያለ ገንዳ አለ። እናቴ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ ከምግብ ቤት በከረጢቷ ያመጣችውን ጨው በትናንሽ ወረቀቱ እየቀደደች ጨምራ፣ ሁለቱንም እግሯን ነክራለች። "እንዴት ያለ ብልህ ሕዝብ ነው! ለእግር መታጠቢያ ለብቻው ሠርቷል" አለችኝ። የተሠራበትን ዓላማ አልነገርኳትም። ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር። ሁለቱም ተረከዟ ውሃ ቋጥሯል። የግራው ፈንድቶ ቀልቷል።

ወደ አልጋዬ ተመልሼ የታክስ ፍሪ ቅጾቹን አወጣሁ፤ ምን ልሠራ እንደፈለግኩ እንኳ አላውቅም። ሒሳብ ሠራሁ። በ310 ዩሮ ውስጥ ያለው ታክስ 56 ዩሮ ገደማ ነው። ድርጅቱ የራሱን ሲቆርጥ የሚመለሰው 37 ዩሮ። እናቴን ለ37 ዩሮ ነበር ያንን ደረጃ ያስወጣኋት።

ከዚያ ስሙን አየሁ። በቅጹ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ የፓስፖርቱም ቁጥር የእኔ። ዕቃውን ይዞ ከአውሮፓ የሚወጣውና ጉምሩክ ፊት የሚቀርበው ቅጹ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። እኔ ደግሞ እሑድ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን እበራለሁ፤ እናቴ እሑድ ማታ ወደ አዲስ አበባ። በቅጹ መሠረት ከሄድን የእናቴ ጫማ በእኔ ሻንጣ ቨርጂኒያ ይገባል ማለት ነው። ሁለት ምሽት ሙሉ ደንብ አንብቤ ይህን አላሰብኩትም። በሥራዬ እንዲህ ያለ ስህተት የሠራ ልጅ ባገኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

መፍትሔ ነበረው። ሱቁ በነጋታው ጠዋት ይከፈታል፤ ሄደን ቅጹ ተሰርዞ በእናቴ ስም እንዲሠራልን መጠየቅ እንችል ነበር። አልጠየቅኩም። ካርቶኑን ከፈትኩና ጫማውን ይዤ ገባሁ።

"እማዬ፣ ነገ ይኼንን ነው የምታደርጊው።"

"ታክሱስ?"

"አልሆነም። ቅጹ በእኔ ስም ነው የተጻፈው። አበላሽቼዋለሁ።"

ትንሽ አየችኝ። "ገንዘብ እኮ አይጣልም" አለች። "አልተጣለም፤ ተበላሽቷል" አልኳት። እግሯን በፎጣ አድርቃ ተቀበለችኝ።

በነጋታው ሌላ ሰው ነበረች። ተረከዟ ላይ ፕላስተር ለጥፈን፣ በአዲሱ ጫማ ቀስ ብለን ወጣን። ያን ቀን ያየነውን ነገር ለእናንተ መንገር የምፈልገው ስለ ታክሱ ካወራሁት ሁሉ አብልጬ ነው።

ከአርኖ ወንዝ ዳር፣ ሳንታ ትሪኒታ አደባባይ ላይ ፓላዞ ስፒኒ ፌሮኒ የሚባል ምሽግ የመሰለ የድንጋይ ሕንፃ አለ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው። አሁን ውስጡ የሳልቫቶሬ ፌራጋሞ የጫማ ሙዚየም አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ፌራጋሞ በ1898 ቦኒቶ በምትባል የደቡብ ጣሊያን መንደር፣ ከ14 ልጆች 11ኛ ሆኖ የተወለደ የድሃ ልጅ ነበር። አሜሪካ ሄዶ ለሆሊውድ ተዋንያን ጫማ ሠራ። ጫማው ሲያምርም እግር እንደሚያሳምም ስላየ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሰው እግር አጥንት ተማረ። በ1927 ተመልሶ ፍሎረንስ ሱቅ ከፈተ። ሙዚየሙ ውስጥ የታዋቂ ደንበኞቹ እግር ቅርጽ ከእንጨት ተቀርጾ ይታያል። ጫማ ሠሪ ይህን ፎርማ ይለዋል። ታኮም ፎርማም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ሊስትሮ የምንለውም እንዲሁ። እናቴ ይህን ስነግራት "ሊስትሮ አማርኛ አይደለም?" ብላ ተገረመች።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ መስታወት ፊት ብዙ ቆየን። ታኮው ከሶሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሞላ፣ ከፊት እስከ ኋላ እንደ ሽብልቅ የተሠራ የሴት ጫማ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ በየሱቁ አለ። ፌራጋሞ ይህን የሠራው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ምክንያቱ ደግሞ እኛ ነን ማለት ይቻላል። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር፣ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ወረራውን አላስቆመም፤ ጣሊያን ውስጥ ግን የብረት እጥረት አስከተለ። ፌራጋሞ በጫማው መሐል እግርን ደግፎ የሚይዝ ጥሩ የብረት ዘንግ ያስፈልገው ነበር። ብረቱ ሲጠፋበት ከሳርዲኒያ ደሴት ቡሽ አስመጥቶ፣ አዎ የወይን ጠርሙስ የሚዘጋበትን ቡሽ፣ ከእግር በታች ያለውን ክፍተት በእሱ ሞላው። ጫማው ቀላልና ምቹ ሆነ። ዓለም ወደደው።

ይህን ሁሉ ቀስ ብዬ ለእናቴ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "አያትህ ማይጨው የዘመቱት በባዶ እግራቸው ነበር" አለች። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። አያቴ 20 ዓመት እንኳ እንዳልሞላቸው፣ ጫማ የሚባል ነገር መጀመሪያ ያደረጉት ከጦርነቱ በኋላ እንደሆነ፣ እሱንም ሲያደርጉት እግራቸው አልገባ ብሎ በእጃቸው ይዘው እንደሄዱ እዚያው ቆመን ነገረችኝ። የምንነጋገረውን ያልገባቸው ቱሪስቶች በአጠገባችን ያልፋሉ። እናቴ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ ቡሹን አየችው፤ ከዚያ የራሷን ጫማ አየች። "እኔ ደግሞ ከነሱ ገዝቼ አደርጋለሁ" አለች። በምን ስሜት እንደተናገረችው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ስቃ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ሮም ተመለስን። እሑድ ጠዋት አክስቴና እናቴ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ሊሸኙኝ መጡ። የእኔ ጫማ እንዳለ ነበር፤ ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ደረሰኙ ውስጡ ነው። ጫማው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ነው ወደ ታክስ ፍሪው መሄድ ያለባችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው ሻንጣውን ከሰጠ በኋላ የሚያሳየው ነገር የለውም። ጊዜም ያዙ። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ስድስት ቅጽ ይዘው ነበር፤ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ።

ጣሊያን ውስጥ ጉምሩኩ ማረጋገጫውን በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ሥርዓቱ ኦቴሎ ይባላል። የረጅም ስም ምህጻር ነው፤ ያወጣለት መሐንዲስ ግን ሲስቅ ይታየኛል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ያልፋል፤ እኔን ግን "ወደ ጉምሩክ ሂድ" አለኝ። የጉምሩክ ሠራተኛው ካርቶኑን ከፍቶ ጫማውን ገለበጠ። ልክ እንደ እናቴ ሶሉን አየ። ንጹህ ነው። አሳለፈኝ። ገንዘቡን በጥሬው መውሰድ ይቻላል፤ ተጨማሪ ይቆርጡበታል። በካርድ አድርጉልኝ አልኩ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገባ፣ 52 ዩሮ። አሜሪካ ስደርስም የገዛሁትን ተናገርኩ። ነዋሪ ሲመለስ እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ዕቃ ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል፤ እኔ ከዚያ በታች ነበርኩ። ሁለቱንም ጫማ ይዤ ብመጣ ኖሮ ግን ከገደቡ ያልፍ እንደነበር እግረ መንገዴን ልንገራችሁ።

ወደ እነ እናቴ ተመለስኩ። አክስቴ ወንበር ይዛላታለች። እናቴ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ጫማዋን እያየች ነው።

"ስንት ሰጡህ?"

"52።"

"የእኔስ ስንት ይሆን ነበር?"

"37።"

ራሷን ነቀነቀች። አክስቴ ጣልቃ ገባች። "ቆይ፣ ለምን ሱቁ ተመልሳችሁ ስሟን አላስቀየራችሁም? ብትጠይቁ ይሠሩላችሁ ነበር እኮ።"

እኔ ወለሉን አየሁ።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "ያን ሌሊት ይኼ ልጅ ሲተኛ ወረቀቱን አየሁት። እንግሊዝኛም አለው። የሱቁ ስልክም አለው። ጠዋት ሄደን እናስቀይር ልለው ነበር።"

"እና ለምን አላልሽኝም?" አልኳት።

"እግሬን አሞኝ ነበራ!" አለችና፣ ከከረጢቷ መሐረብ አውጥታ የጫማዋን አፍንጫ ጠረገች።